ባለ ስም ዘፋኞች በስም የለሽ ዘፈን ፊት

የአገራችን ሰው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል። ምሳሌው እውነት ነው፤ ነገር ግን ድሩ የሚያብረው እያንዳንዱ ክር ቀጭን መሆኑን ዐውቆ ወደ ባልንጀራው ሲጠጋ ነው እንጂ፣ ክሩ ሁሉ «እኔ ራሴ አንበሳ ነኝ» ያለ እንደ ሆነ መተባበር የሚባለው ነገር ከቶ አይገኝም። ስም ያላቸው ሰዎች ለአንድ ሥራ ሲሰበሰቡ የሚያስፈራው ይህ ነው። ሥራው ገና ሳይጀመር «አዛዡ ማን ነው? ታዛዡስ ማን ይሆናል?» የሚል ጥያቄ በመካከላቸው ይቀመጣል። ጥያቄው መልስ ያላገኘ እንደ ሆነ ዕውቀታቸው ቢደመርም ሥራቸው አይደመርም።

ይህ ነገር በግልጥ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ የሙዚቃ ዓለም ነው። በእንግሊዝና በአሜሪካ፣ አስቀድመው በየራሳቸው ሥራ የታወቁ ሙዚቀኞች ተሰብስበው አዲስ ማኅበር ያቆሙ እንደ ሆነ፣ ማኅበሩ «ሱፐርግሩፕ» ይባላል፤ ከማኅበር በላይ የሆነ ማኅበር እንደ ማለት ነው። ስሙ ትልቅ ነው፤ ፍሬው ግን ብዙ ጊዜ ከስሙ ያንሳል። ዛሬ በአንባቢዎቻችን ፊት የምንመረምረው ከእነዚህ አንዱን፣ «ቦኒ ላይት ሆርስማን» የተባለውን የሦስት አሜሪካውያን ማኅበር ነው። ሦስቱ የሚሠሩት «ኢንዲ ፎክ» በሚባለው የዘፈን ዐይነት ነው፤ «ፎክ» ማለት የሕዝብ ዘፈን ሲሆን፣ «ኢንዲ» የሚባሉትም ከታላላቆቹ የሸክላ ኩባንያዎች ውጭ በራሳቸው ፈቃድ የሚሠሩ ሙዚቀኞች ናቸው። ማኅበሩ በ2020፣ በ2022 እና በ2024 ሦስት ዐበይት ሥራዎችን ለሕዝብ አቅርቧል። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ የተቈጠሩት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

የማኅበር ጠባይ ከስሙ ይጀምራል። በ1968 ዴቪድ ክሮዝቢ፣ ስቲቨን ስቲልስና ግራሃም ናሽ ከየማኅበራቸው ወጥተው በተገናኙ ጊዜ፣ አዲሱን ማኅበር የሰየሙት በገዛ ስማቸው ነው፤ «ክሮዝቢ፣ ስቲልስና ናሽ» ተባለ። ድምፃቸው ሲጣመር እጅግ ያማረ ነበር፤ ነገር ግን ስሙ ራሱ በሦስት ባለ ርስቶች መካከል የተተከለ የድንበር ድንጋይ ይመስል ነበር፤ ዘመናቸውንም ሲለያዩና ሲመለሱ፣ ሲጣሉና ሲታረቁ ኖሩ። በ1988 ቦብ ዲለን፣ ጆርጅ ሃሪሰን፣ ሮይ ኦርቢሰን፣ ቶም ፔቲና ጄፍ ሊን በተሰበሰቡ ጊዜ ደግሞ ሌላ ዘዴ አደረጉ፤ አንድ የቤተ ሰብ ስም ፈጥረው ሁሉም «ዊልበሪ» ተባሉ፤ ባለ ስሞቹ ስማቸውን በጨዋታ ሸሸጉ። በ2009 ኮነር ኦበርስት፣ ጂም ጄምስ፣ ኤም ዋርድና ማይክ ሞጊስ «የፎክ ጭራቆች» የሚል ስም ወስደው በራሳቸው ታላቅነት ቀለዱ። በ2018 የተገናኙት ሦስቱ ሴቶች፣ ጁልየን ቤከር፣ ፊቢ ብሪጀርስና ሉሲ ዴከስም፣ «ቦይጂኒየስ» ብለው፣ ወንድ ልጅ ሁሉ ገና አፉን ሲከፍት ሊቅ ነህ የሚባልበትን ልማድ ተሳለቁበት።

አሁን የምንናገርላቸው ሦስቱ ግን በገዛ ስማቸው አልተጠሩም፤ ስማቸውንም አልሸሸጉም፤ አልቀለዱምም። ደራሲው ማን እንደ ሆነ የማይታወቅ የአንድ አሮጌ ዘፈን ስም ወስደው በላያቸው አኖሩት። «አዛዡ ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ የሰጡት መልስ «አዛዡ ዘፈኑ ነው» የሚል ሆነ። ይህ መልስ የሚያምር መልስ ነው፤ ነገር ግን መልስ መስጠት አንድ ነገር፣ በመልሱ ጸንቶ መኖር ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ሦስቱን ሥራዎች በዚሁ ሚዛን እንመዝናቸዋለን።

አስቀድመን ግን ሰዎቹን እናስተዋውቅ። ወይዘሮ አናኢስ ሚቸል በቨርሞንት ገጠር በእርሻ ቦታ ያደጉ የዘፈን ደራሲ ናቸው። ከሁሉ ይልቅ የታወቁበት ሥራ «ሄድስታውን» የተባለው የሙዚቃ ቴያትር ነው፤ ሚስቱን ከሙታን አገር በዜማ ኀይል ሊመልስ የወረደውን የኦርፌዎስን የግሪክ ተረት ወደ ዘመናችን አምጥቶ የሚናገር ነው። ይህ ሥራ በ2006 በቨርሞንት በትንሽ መድረክ ተጀመረ፤ በ2010 በሸክላ ታተመ፤ በ2019 ኒው ዮርክ በብሮድዌይ ታየና በዚያው ዓመት ስምንት የቶኒ ሽልማት አገኘ። አንድ ሥራ ከዐሥር ዓመት በላይ ሲያርሙና ሲያቃኑ መኖር የትዕግሥታቸው ምስክር ነው። ደግሞም በ2013 ከጄፈርሰን ሄመር ጋር ሆነው ሰባት የጥንት የታሪክ ዘፈኖችን በሸክላ አውጥተው ነበርና፣ ለአሮጌው ዘፈን እንግዳ አልነበሩም።

ሚስተር ኤሪክ ጆንሰን «ፍሩት ባትስ» የተባለው ማኅበር መሪ ናቸው፤ የመጀመሪያ ሥራቸው በ2001 ወጣ። «ዘ ሺንስ» ከተባለው ማኅበር ጋርም ጥቂት ዓመታት አብረው ሠርተዋል፤ በሺካጎ ከተማ ባለው የሕዝብ ዘፈን ትምህርት ቤትም አስተምረዋል። ድምፃቸው ቀጭንና ከፍ ያለ ነው፤ ሊሰበር የደረሰ ይመስልና አይሰበርም። ሦስተኛው፣ ሚስተር ጆሽ ካውፍማን፣ ብዙ ዐይነት መሣሪያ የሚመቱ፣ ይልቁንም የሌላውን ሰው ሥራ በማቃናት የታወቁ ናቸው። የቦብ ዊር የ2016 ሥራ እንዲሁም «ዘ ሆልድ ስቴዲ» የተባለው ማኅበር ሥራዎች በእርሳቸው እጅ አልፈዋል፤ ቴይለር ስዊፍት በ2020 ባወጣችው «ፎክሎር» ላይም መሣሪያ መትተዋል። እንግዲህ አንዲት የቴያትር ደራሲ፣ አንድ የማኅበር መሪ፣ አንድም ከመጋረጃ ጀርባ የሚሠራ ባለሙያ ተገናኙ ማለት ነው። ሦስተኛው ሰው ባይኖር ኖሮ የፊተኞቹ ሁለቱ ተስማምተው ይኖሩ ነበር ብለን ለማመን ያስቸግረናል፤ በጉባኤ መካከል ዝም ብሎ የሚሰማ ሰው ያስፈልጋልና።

ማኅበሩ የተወለደው በ2018 ነው። ጀስቲን ቨርነንና አሮን ዴስነር የተባሉ ሙዚቀኞች በዊስኮንሲን በኦ ክሌር ከተማ ባቋቋሙት የሙዚቃ በዓል ላይ ሦስቱ አብረው ዘፈኑ፤ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ደግሞ ወደ በርሊን ሄደው፣ የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት የራዲዮ ጣቢያ በነበረው ታላቅ ሕንጻ ውስጥ ከሌሎች ብዙ ሙዚቀኞች ጋር ተቀምጠው መቅረጽ ጀመሩ። ሥራውን የፈጸሙት ግን በኒው ዮርክ ክፍለ አገር፣ በዉድስቶክ አቅራቢያ ባለ ድምፅ መቅረጫ ቤት ነው። ያሳተማቸውም የሙዚቀኞች ድርጅት ስሙ በቍጥርና በፊደል የተጻፈ ሆኖ፣ ገልብጠው ሲያነቡት «ሕዝብ» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ይሆናል። ደራሲ የሌላቸውን ዘፈኖች የያዘ ሥራ በዚህ ስም መውጣቱ ተገቢ ይመስለናል።

አሁን ስሙን ወደ ሰጣቸው ዘፈን እንምጣ። «ቦኒ ላይት ሆርስማን» ማለት «መልከ መልካሙ ፈረሰኛ» እንደ ማለት ነው። ዘፈኑ ናፖሌዎን ቦናፓርቴ አውሮፓን በጦርነት ባናወጠበት በዐሥራ ዘጠነኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ በእንግሊዝ ደሴቶች የተሰማ ነው። አንዲት ልጅ እጮኛዋ ፈረሰኛ ሆኖ ዘመተ፤ ከባሕር ማዶም ሞተ። እርስዋም ታለቅሳለች፤ ሲያለቅሱ የሚኖሩ ብዙዎች ናቸውና ይህ ብቻውን አያስደንቅም። የሚያስደንቀው በልቅሶዋ መካከል ንጉሠ ነገሥቱን በስሙ ጠርታ «የመከራዬ ምክንያት አንተ ነህ» ማለትዋ ነው። የልጅቱን ስም ማንም አያውቀውም፤ የሟቹንም ስም ማንም አያውቀውም፤ በዘፈኑ ውስጥ በስሙ የተጠራው ገዳዩ ብቻ ነው። ታሪክ ጸሓፊዎች ስለ ናፖሌዎን የጻፉት መጽሐፍ ቤት ይሞላል፤ ይህች ስም የለሽ ልጅ ግን በጥቂት ቃል ከሰሰችው፤ ክሱም ሁለት መቶ ዓመት አልፎ እስከ እኛ ደረሰ።

እንዲህ ያሉ የታሪክ ዘፈኖች በእንግሊዝኛ «ባላድ» ይባላሉ። ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፉ የኖሩ ናቸው እንጂ ከመጽሐፍ የተወለዱ አይደሉም። የሃርቫርድ መምህር የነበሩት ፍራንሲስ ጄምስ ቻይልድ ከ1882 እስከ 1898 ድረስ በታተመው ታላቅ ስብስባቸው 305 የእንግሊዝና የስኮትላንድ ባላዶችን አኖሩ። ከእርሳቸውም በኋላ እንግሊዛዊው ሴሲል ሻርፕ ከረዳታቸው ከሞድ ካርፕሊስ ጋር ከ1916 እስከ 1918 በአሜሪካ የአፓላቺያን ተራሮች እየዞሩ፣ ስደተኞች ከአባቶቻቸው አገር ይዘዋቸው የመጡትን ዘፈኖች ከገበሬዎችና ከባልቴቶች አፍ ሰሙና ጻፉ። በእንግሊዝ አገር የተረሱት በተራራው ሕዝብ ዘንድ በሕይወት ተገኙ። እንግዲህ ይህ የሦስት አሜሪካውያን ማኅበር የእንግሊዝን አሮጌ ዘፈን ሲያነሣ የሌላ ሰው ርስት ገፋ ማለት አይደለም፤ ውቅያኖስ ተሻግሮ የመጣ የአያቶች ዕቃ ነው።

ነገር ግን የአያት ዕቃ ለሁሉ የተወረሰ በሆነ ጊዜ፣ አንዱ ወራሽ «የእኔ ብቻ ነው» የሚልበት ፈተና አለ። ይህ ፈተና በሕዝብ ዘፈን ታሪክ ብዙዎችን ጥሏል። ፖል ሳይመን በወጣትነቱ ለንደን ሳለ «ስካርብሮ ፌር» የተባለውን አሮጌ ዘፈን ማርቲን ካርቲ በጊታር ካስማማው አኳኋን ተማረ፤ በ1966 ግን ዘፈኑ የሳይመንና የጋርፈንከል ተብሎ ታተመ፤ የካርቲ ስም አልተነሣም። ሁለቱ ሰዎች ተገናኝተው ዘፈኑን በአንድ መድረክ የዘፈኑት ገና በ2000 ነው። እንዲሁም በርት ጃንሽ በ1966 «ብላክዎተርሳይድ» የተባለውን የአየርላንድ ዘፈን ከአን ብሪግስ ተምሮ በጊታር ካወጣው በኋላ፣ በ1969 «ሌድ ዜፕሊን» የተባለው ማኅበር ከዚያ ጋር እጅግ የሚመሳሰል የጊታር ሥራ አወጣ፤ ደራሲው ጂሚ ፔጅ ነው ተብሎም ተጻፈ። እነዚህ ሰዎች ችሎታ ያነሳቸው አልነበሩም፤ ያነሳቸው «ይህን ከእገሌ አገኘሁ» የምትል አጭር ቃል ብቻ ናት። ያችን ቃል መናገር ከክብር አንዳች አያጐድልም ነበር፤ አለመናገርዋ ግን ሠላሳ ዓመት የሚዘልቅ ቅሬታ አተረፈ።

የቦኒ ላይት ሆርስማን ሰዎች ያችን ቃል በማኅበራቸው ስም ላይ ጻፏት። ስማቸውን የሚጠራ ሰው ሁሉ ሳያውቀው አሮጌውን ዘፈን ይጠራል። በ2020 በጥር ወር የወጣው የመጀመሪያ ሥራቸውም በአብዛኛው ከእንዲህ ያሉ ዘፈኖች የተገነባ ነው። በስማቸው በተጠራው ዘፈን የወይዘሮ ሚቸል ድምፅ ብቻውን ይወጣል፤ ጊታሩ ከኋላ በዝግታ ይከተላል፤ ልቅሶውን የሚያጋንን፣ አድማጩን «አልቅስ» ብሎ የሚጐትት ነገር አይጨመርበትም። ዘፋኝዋ በብሮድዌይ መድረክ የተመሰገነች ደራሲ መሆንዋ ይረሳናል፤ የምንሰማው ያችን ስም የለሽ ልጅ ነው። «ዲፕ ኢን ላቭ» በተባለው ዘፈን ደግሞ የሚስተር ጆንሰን ድምፅ ይቀድማል፤ የወይዘሮ ሚቸል ድምፅ ከሥሩ ገብቶ ይደግፈዋል። አንዱ ሲነሣ ሌላው ይወርዳል፤ ማንም ማንንም አይቀድምም። ሚስተር ካውፍማንም ብዙ መሣሪያ የሚያውቁ ሲሆኑ፣ ብዙውን ጊዜ የሚያሰሙት ጥቂት ነው፤ የሚያውቁትን ሁሉ አለማሰማታቸውም የዕውቀታቸው ምልክት ነው።

በዚህ ሥራ ውስጥ ለአንባቢዎቻችን ልዩ የሆነ አንድ ዘፈን አለ፤ እርሱም «ብራይት ሞርኒንግ ስታርስ» የተባለው የአፓላቺያን መንፈሳዊ መዝሙር ነው። አባቶቻችን ወዴት ሄዱ፣ እናቶቻችን ወዴት ሄዱ እያለ ይጠይቃል፤ በነፍስ ውስጥ የሚወጣውን የንጋት ኮከብም ይጠራል። ሦስቱ ይህን መዝሙር ሲያዜሙ እንደ ሰባኪ አልሆኑም፤ እንደ ቤተ መዘክር ጠባቂም የሞተ ዕቃ አላሳዩንም። ጥያቄውን እንደ ራሳቸው ጥያቄ ጠየቁት። ደግሞም ሥራቸውን የፈጸሙበት የዉድስቶኩ መቅረጫ ቤት በዐሥራ ዘጠነኛው ምእት ዓመት መጨረሻ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን የነበረ ሕንጻ ነው። ምእመናኑ ከሄዱ በኋላ ጣራው ድምፅን የመያዝ ጠባዩን አልተወም፤ አሮጌ መዝሙር በዚያ ጣራ ሥር መቀረጹ ቤቱን ለጥቂት ሰዓት ወደ ቀድሞ ሥራው እንደ መለሰው ያህል ነው። ይህን ስንል ዘፋኞቹን ያላሉትን ሃይማኖት ልናላብሳቸው አይደለም፤ መዝሙሩን በአክብሮት እንደ ያዙት ለመመስከር ብቻ ነው።

በ2021 ይህ ሥራ ለግራሚ ሽልማት በሁለት ወገን ታጭቶ ነበር፤ በፎክ ሥራዎች ወገን ሽልማቱን የወሰዱት ግን ጊሊየን ዌልችና ዴቪድ ሮውሊንግስ ናቸው፤ የእነርሱም ሥራ የአሮጌና የሌሎች ሰዎች ዘፈን ስብስብ ነበር። በዚያ ዓመት ያማሩት ሁለት ሥራዎች የራስን ስም ከማሰማት ይልቅ የተቀበሉትን ማቅረብ የመረጡ መሆናቸው ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው።

ከዚህ በኋላ ነቀፋችንን እንናገራለን፤ ምስጋና ብቻውን ሚዛን አይባልምና። የመጀመሪያው ሥራ አንድ ጕድለት አለው፤ እርሱም ከመጠን በላይ ማማሩ ነው። «ብላክዎተርሳይድ» አንዲት ልጅ በሐሰት ተስፋ ተታልላ ሌሊቱን ከሰው ጋር ካደረች በኋላ፣ ጧት ሲነጋ በስድብ የተባረረችበት ታሪክ ነው። በጃንሽ እጅ ጊታሩ ደረቅና ስለታም ነበር፤ የልጅቱ ኀፍረትና ቍጣ በክሩ ላይ ይሰማ ነበር። በእነዚህ ሦስቱ ዘንድ ግን ወንዙ ብቻ ይታየናል፤ ውሃው ያንጸባርቃል፤ ጉዳቱ ግን ከውሃው በታች ሰጠመ። «ሎውላንድስ» የተባለውም የሞተ ወዳጅ በሕልም መጥቶ የሚታይበት የመርከበኞች ዘፈን ነው፤ እንዲህ ያለ ሕልም ያየ ሰው በላብ ተጠምቆ ይነቃል እንጂ እንዲህ በለሰለሰ ዜማ አይነቃም። አሮጌ ዘፈን ለብዙ ዘመን የኖረው ስላማረ ብቻ አይደለም፤ የማያምረውን ነገር ሳይፈራ ስለ ተናገረ ነው። ማር የተቀባ ኮሶ ለመዋጥ ይቀላል፤ ማሩ ከበዛ ግን ትሉን አይሽርም።

ምናልባት ከአንባቢዎቻችን አንዳንዱ «ታዲያ ለምን እንደ ቀድሞው አልተዉትም? የአባቶችን ዘፈን ቃሉን መቀነስ፣ ዜማውን መለወጥ ማን ፈቀደላቸው?» ይል ይሆናል። ለዚህ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። የሕዝብ ዘፈን አንድ መልክ ብቻ ኖሮት አያውቅም። መምህር ቻይልድ ራሳቸው የአንዱን ባላድ ብዙ ልዩ ልዩ መልክ ጐን ለጐን አትመዋል፤ ይህኛው እውነተኛ ነው፣ ያኛው ሐሰተኛ ነው ብለው አልቈረጡም። በቃል የሚተላለፍ ነገር አፍ በለወጠ ቍጥር መልኩን ይለውጣል፤ ለውጡ ሕይወቱ ነው። ስለዚህ እነዚህን ሰዎች ለወጣችሁ ብለን አንከሳቸውም። የለወጣችሁት ለማን ብላችሁ ነው ብለን ግን እንጠይቃቸዋለን። ለዘፈኑ ነገር ሲባል የተለወጠ ጸንቶ ይኖራል፤ ለአድማጩ ጆሮ ምቾት ሲባል የተለወጠ ግን ከአድማጩ ጋር ያረጃል። የመጀመሪያው ሥራ በስም ዘፈኑና በመዝሙሩ የመጀመሪያውን ዐይነት ለውጥ አሳየ፤ በብላክዎተርሳይድና በሎውላንድስ ወደ ሁለተኛው አዘነበለ።

ሁለተኛው ሥራ፣ በጥቅምት 2022 የወጣው «ሮሊንግ ጎልደን ሆሊ»፣ የበለጠ ከባድ ፈተና ነበር፤ ዘፈኖቹን የደረሷቸው እነርሱ ራሳቸው ናቸውና። አሮጌው ዘፈን አዛዥ ሆኖ ሲኖር ሦስቱ እኩል ታዛዦች ነበሩ፤ አዛዡ ከቤት ሲወጣስ ምን ይሆናል? ከመካከሉ «ፌር አኒ» እና «ኮልድ ሬይን ኤንድ ስኖው» የተባሉ ዘፈኖች አሉ፤ እነዚህ ስሞች አስቀድሞ የአሮጌ ባላዶች ስሞች ነበሩ። ነገሩ ልጅ ከአባቱ ቤት ወጥቶ ጎጆ ሲቀልስ፣ በሩን በአባቱ ቤት በር አምሳል እንደሚሠራው ዐይነት ነው። አያስነቅፍም፤ እንዲያውም ደስ ያሰኛል። ነገር ግን አንዳንዱ ዘፈን የአሮጌውን ዘፈን ልብስ ለብሶ የአሮጌውን ዘፈን አጥንት አጥቷል። ፈረሰኛው፣ ወንዙ፣ ዝናቡ፣ ስደቱ ሁሉ ተገኝቷል፤ ማን ማንን እንደ በደለ ግን በግልጥ አይነገርም። ያች የጥንቷ ልጅ ናፖሌዎንን በስሙ ጠርታ ነበር፤ በዚህ ሥራ ግን የተከሰሰ ሰው አናገኝም። ድምፃቸው እንደ ቀድሞው የተዋሐደ ነው፤ ይህም ወዳጅነታቸው እንዳልላላ ያስረዳል። ወዳጅነት ግን ለማኅበር ይበቃል እንጂ ለዘፈን አይበቃም።

ሦስተኛው ሥራ በሰኔ 2024 ወጣ፤ እርሱም ሁለት ስምና ሁለት ክፍል ያለው ረጅም ሥራ ነው፤ «ኪፕ ሚ ኦን ዮር ማይንድ» እና «ሲ ዩ ፍሪ» ይባላል። ይህን ሥራ የጀመሩት በመቅረጫ ቤት አይደለም። በአየርላንድ በኮርክ አውራጃ፣ ባሊዴሆብ በተባለች ትንሽ መንደር፣ «ሌቪስ ኮርነር ሃውስ» በተባለ አሮጌ መሸታ ቤት ተቀምጠው ቀረጹ፤ በመጨረሻም የመንደሩን ሰው ጠርተው በፊቱ ዘፈኑ። የቀረውንም ወደዚያው ወደ ዉድስቶኩ የቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ፈጸሙ። ዘፈኖቹ አሁንም የራሳቸው ናቸው፤ ነገር ግን በሁለተኛው ሥራ የጠፋው አዛዥ በዚህ በሌላ መልክ ተመለሰ፤ እርሱም የተሰበሰበው ሰው ነው። ክፍሉ ይሰማል፤ ከዘፋኞቹ ሌላ ሰው በቤቱ እንዳለ ጆሮ ያውቃል። ድምፃቸው ከማማር ይልቅ መናገርን መረጠ።

«ዌን አይ ዋዝ ያንገር» የተባለው ዘፈን ለዚህ ዋና ምስክር ነው። በወጣትነት የነበረው ልቅ ኑሮ፣ ከዚያም ትዳርና ልጅ፣ ከዚያም ወደ ኋላ ዞሮ የሚያይ ዐይን፤ ነገሩ ይህ ነው። የሚስተር ጆንሰንና የወይዘሮ ሚቸል ድምፅ በአንድነት ወጥቶ ሲጮኽ፣ ጩኸቱ ለማማር የታሰበ አይደለም፤ በመጀመሪያው ሥራ የጐደለው ሻካራነት እዚህ ላይ ተገኘ። ባልና ሚስት ሆኖ ልጅ ያሳደገ አንባቢ ሁሉ፣ የአገሩና የቋንቋው ልዩነት ሳይከለክለው፣ ይህን ነገር ከቤቱ ያውቀዋል። ደራሲዎቹ ቢታወቁም ዘፈኑ እንደ ስም የለሽ ዘፈን ሆኗል ለማለት እንደፍራለን፤ ለዘፈን ደራሲም ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና አናውቅም።

የሦስተኛው ሥራ ጕድለት ርዝመቱ ነው። ለሁለት ሥራ የሚበቃ ዘፈን በአንድ ጊዜ መስጠት ቸርነት ይመስላል፤ ነገር ግን በአንድ ገበታ ሦስት ዐይነት ተመሳሳይ ወጥ የቀረበለት እንግዳ የትኛው እንደ ጣመው ለመናገር ያስቸግረዋል። ወደ መጨረሻው ሲቃረብ አንዱ ዘፈን የሌላው ወንድም እየመሰለ ይሄዳል። አሮጌዎቹን ባላዶች ዘመን ራሱ እንደ ወንፊት ነፍቶ ገለባውን አስወግዶልናል፤ አዲስ ደራሲ ግን ወንፊቱን በገዛ እጁ መያዝ አለበት። ጥቂቶቹን ቢቀንሱ ኖሮ የቀሩት በበራላቸው ነበር።

እንግዲህ ፍርዳችንን ባጭሩ እንናገር። ከሦስቱ ሥራዎች ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው ከ2020ው ይጀምር፤ በማኅበሩ ስም የተጠራውን ዘፈንና የንጋት ኮከቦቹን መዝሙር አስቀድሞ ይስማ። ከዚያ ወደ 2024ቱ ይለፍና የአየርላንዱን መሸታ ቤት ድምፅ ይስማ። የ2022ቱን ግን ሁለቱን ከሰማ በኋላ ይስማው፤ ያን ጊዜ ከየት ወጥተው ወዴት እንደ ደረሱ መሸጋገሪያውን ያሳየዋል።

ስለ ማኅበር ግን የምንለው ይህ ነው። ባለ ስሞች ሲገናኙ ብዙ ጊዜ አንዱ ሌላውን ያሸንፋል፤ ወይም ሁሉም ተቻችለው ከየችሎታቸው በታች ይወርዳሉ። እነዚህ ሦስቱ ከሁለቱም ያመለጡት ከመካከላቸው ማንም ባልደረሰው፣ ማንም ባለቤት ባልሆነበት ነገር ሥር በአንድነት ስለ ቆሙ ነው። ከዚያ ነገር በራቁበት ጊዜ ሥራቸው ሳሳ፤ በሌላ መንገድ ወደ እርሱ በተመለሱበት ጊዜ በረታ። አሮጌ ዘፈን፣ አሮጌ ሥርዓት ወይም አሮጌ ዕውቀት በእጁ ያለ ሰው ሁሉ ይህን ሊያስተውለው ይገባዋል። የተረከብነው ነገር ከእኛ እንደሚበልጥ ያወቅን እንደ ሆነ አብረን ለመሥራት እንችላለን፤ ከእኛ ያነሰ የመሰለን እንደ ሆነ ግን ክሩ ሁሉ ወደየራሱ ይሄዳል፤ አንበሳውም ሳይታሰር ይቀራል።